የልጄ ሳጥን ጠበቃ

«ገና ንፍጡን ጠርጎ ላልጨረሰ ልጅ ማስታወሻ ታጠራቅማለህ?» አለኝ አንድ ወዳጄ።

«አዎ፤ ንፍጡን የጠረገበትን መሐረብ ጭምር!» አልኩት።

ለወንድ ልጄ የማስታወሻ ሳጥን ከጀመርኩ ወዲህ ያየኝ ሁሉ አንድ ነገር ጣል ሳያደርግ አያልፍም። ጎረቤት ከአጥር ማዶ፣ ባልደረባ ከሻይ ክበብ፣ ዘመድ ከባሕር ማዶ። ባደግሁበት ሰፈር የተወረወረ ቃል መሬት ሳይነካ ይመለስ ነበርና እኔም እመልሳለሁ። ፈጥኜ ብመልስም የምመልሰው ከልቤ ነው። ልጅ አድጎ «ከማን መጣሁ? ማንስ አሳደገኝ?» ሲል በእጁ የሚዳስሰው ነገር ሊኖረው ይገባል። ነገሩ ውድ መሆን የለበትም። የማን እንደነበር፣ ማን እንደሰጠው፣ ለምን እንደተቀመጠ የሚመሰክረው ሰው በሕይወት ሳለ ተጠይቆ ይጻፍበት። በዓመት አንድ ዕቃ ይበቃል፤ ከአንድ ቁራጭ ወረቀት ጋር። ወረቀት የሌለው ዕቃ በእኔ ሳጥን ቦታ የለውም።

ጎረቤቴ ሳጥኑን ከፍታ አየችና «እቴ! ይሄ የክትባት ካርድ አይደለም እንዴ? የጤና ጣቢያ ወረቀት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማስታወሻ የሆነው?» አለችኝ።

«የእናቱን ድካም በቀን በቀኑ የጻፈ ሌላ ወረቀት ካለሽ አምጪው፤ እሱን አስቀምጣለሁ» አልኳት።

ከየት ታመጣለች? እስቲ ካርዱን አንብቡት። እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ፤ ከዚያ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፤ ከዚያ በ9ኛው ወር የኩፍኝ። እያንዳንዷ ቀን እናቱ አዝላው የወጣችባት፣ ወረፋ የጠበቀችባት፣ መርፌው ሲገባ ከእሱ እኩል የተሳቀቀችባት፣ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሩን ስትዳስስ ያደረችባት ናት። ልጁ ይህን አያስታውስም። እናቱም ከዓመታት በኋላ «አስከትቤሃለሁ» ከማለት ያለፈ አትናገርለትም፤ እናቶች የራሳቸውን ድካም አይቆጥሩም። ካርዱ ቆጥሮላታል። በብዙ ቤት ግን ልጁ ትምህርት ቤት እንደተመዘገበ ካርዱ ሥራውን እንደጨረሰ ተቆጥሮ የትም ይወድቃል። ዋናው ሥራው ያኔ ገና አልጀመረም እላለሁ። ልጄ አባት ሆኖ የራሱን ሕፃን አቅፎ እዚያው ወረፋ ላይ ሲቆም፣ ያቺን ካርድ የሚያነብበት ዓይን ዛሬ ሳጥኔን ከሚያዩት ዓይኖች ሁሉ ይለያል።

«ታዲያ ላሚኔት አስደርገዋ» አለችኝ፤ ለካርዱ ማሰብ መጀመሯ ነው።

«በሙቀትና በሙጫ የታሸገ ወረቀት ተመልሶ አይላቀቅም። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ብጠቀልለው ይሻለዋል» አልኳት። በማግስቱ የራሷን ልጆች ካርድ ፍለጋ ቁም ሣጥን ስታገላብጥ ዋለች።

የባለቤቴ አጎት ገንዘብ ያላቸው ሰው ናቸው። «ወርቅ ግዛለት፤ ወርቅ አይዝግ፣ አይበሰብስ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሲቸግረው የሚሸጠውን እርስዎ ይስጡት፤ ቢቸግረውም የማይሸጠውን እኔ ልስጠው» አልኳቸው።

ሳቁና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በአሮጌ ቆርቆሮ ሳንቲም ይዘዋል። አብዛኞቹ 1969 ዓ.ም. የሚል ተጽፎባቸዋል። በአንድ ፊታቸው ጎፈሩ የተንዠረገገ አንበሳ አለ። ጀርባቸው ላይ ግን ሌላ ሌላ ነገር ይታያል፤ በ1 ሳንቲም ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በ5 ሳንቲም ላይ ጠብመንጃ የያዘ ተዋጊ፣ በ10 ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን፣ በ25 ሳንቲም ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ወንድና ሴት። ልጄ የደጋ አጋዘኗን ነጥሎ አነሳት። ዛሬ ሱቅ ሄዶ በ10 ሳንቲም ምንም አይገዛም። ይህች አውሬ ግን ከኢትዮጵያ ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም እንደማትገኝ ስነግረው መዳፉን ጨበጠ።

«ጋሼ፣ በዚህች ምን ይገዙባት ነበር?» ስላቸው እኚያ ስለ ወርቅ ሲያወሩ የነበሩ ሰው ወሬያቸው ተለወጠ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ስለሚገዟት ከረሜላ፣ ለሁለት ነክሰው ስለሚካፈሏት ጓደኛቸው፣ ያ ጓደኛቸው ኋላ የት እንደደረሰ እስኪመሽ አወሩ። ያወሩትን በወረቀት ጽፌ ስማቸውንና ቀኑን አስፍሬ አስፈረምኳቸው። እንዲህ ያለ ሳንቲም በየቤቱ መሳቢያ ሞልቷል፤ ያ ወሬ ያለባት ግን አንዲቷ ብቻ ናት፤ እሷም የልጄ ሳጥን ውስጥ ናት። ለመስጠት ሲሉ በሎሚና በአመድ ሊያሿት ነበር፤ እጃቸውን ያዝኩ። የታሸ ሳንቲም ያብረቀርቃል፤ ላዩ ግን ይፋቃል፤ የተፋቀ ነገር ደግሞ አይመለስም።

«ሳንቲምስ ምኑ ይቀመጣል፤ ጠገራ ብር ነው እንጂ» ያለም አለ። ጠገራ ብር እኔም እወዳለሁ፤ 28 ግራም የሚመዝን ከባድ የብር ገንዘብ ነው፤ ቅድመ አያቶቻችን ገበያ የወጡበት፣ ሴቶች አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት። ግን ጠገራውን አገላብጣችሁ ዓመተ ምሕረቱን እዩ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ይላል። መልኳ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ገንዘቧ ግን ከሞተችም በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለረጅም ዘመን ሲመታ ኖረ። ስለዚህ ብሩ መቼ ወደ ቤታችሁ እንደገባ ብሩ ራሱ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ አያታችሁ ናቸው። ጠገራ ካላችሁ ከወርቅ ቤት ሚዛን በፊት ወደ እሳቸው ሂዱ።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ሁላችንም ባንክ ተሰልፈን የቆየውን 10፣ 50 እና 100 አስረከብን። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት በአንድ ፊቱ፣ ትራክተር በሌላው ፊቱ ያለበት የድሮ 10 ብር ያስቀረ ሰው ግን አላጣንም። አንዱን ከእናቴ ተቀብዬ አስቀመጥኩ።

«የማይሠራ ብር ምን ያደርግለታል?» አለኝ ባለሱቁ።

«ሱቅህ ውስጥ አይሠራም፤ ከአያቱ ጋር ሲጫወት ይሠራል» አልኩት።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ ስልክ ይዞ ለሙግት መጣ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እኔ ሳጥን ምን ያደርግልኛል? ልጄ ከተወለደ ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነው፤ ፎቶው ሺህ በሺህ ነው» አለ።

«እንግዲያው ስልክህ የተሰረቀ ቀን ልጅነቱም አብሮ ተሰረቀ በለኛ» አልኩት።

ስልክን አልጠላም፤ አንዳንድ ነገር ደግሞ ከስልክ በቀር የሚያድነው የለም። ልጁ በእናቱ ሆድ ሳለ የተነሳው የአልትራሳውንድ ምስል በሙቀት በሚያትም ወረቀት ላይ የወጣ ነው፤ ከሱቅ ደረሰኝ ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት። ደረሰኝ ኪስ ውስጥ ከርሞ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ምስሉም ብርሃንና ሙቀት ካገኘው እየገረጣ ሄዶ ይጠፋል። ይህን ዛሬውኑ በስልክ አንሱት፤ ፎቶ ቤትም ወስዳችሁ ጥሩ በሆነ የፎቶ ወረቀት አሳትሙት። ከሺዎቹ ፎቶዎች ደግሞ በዓመት አንዷን ምረጡና አሳትሙ። ጀርባዋ ላይ ጠርዙን ይዛችሁ ለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ ማን ከማን ጋር፣ የት፣ መቼ። የእስክሪብቶ ቀለም ይሰርጋል፣ ጫፉም ከፊት በኩል ይታያል። ሙጫ ባለው አልበም ላይ አትለጥፉ፤ ሙጫው እያደር ፎቶውን ይበላዋል። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ «ይሄ ማነው?» ሲባል «የእማማ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም» የሚባልለት ሰው ተሰቅሏል። ያ ሰው በዘመኑ ስም ነበረው። ስሙን የሚያውቁት ሁሉ ሳይጽፉት አለፉ።

አሁን ወደ ልጁ አያት ልምጣ። ከእሳቸው ጋር ተረብ አልገጥምም፤ እሰማቸዋለሁ። «ፀጉሩን አስቀምጣለሁ እንዳትለኝ፤ የሰው ዓይን አለ» አሉኝ።

«እማማ፣ ፀጉሩ በእርስዎ እጅ ይሁን፤ ወሬው በእኔ» አልኳቸው። ተስማማን። የወተት ጥርሱም እንደ ልማዱ ጣሪያ ላይ ተወርውሯል፤ ቀኑና ሲወረውር ያለው ቃል ወረቀት ላይ ነው ያለው። አጠገባችን ያሉት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሰባተኛው ቀን የሕፃኑን ፀጉር ይላጫሉ፤ በክብደቱ ልክ ብር ይመጸወታል። ፀጉሩ አይቀመጥም፤ መዝኖ መመጽወቱ ግን ለዚያ ልጅ ሲያድግ የሚነገር ግሩም ታሪክ ነው። የቤቱን ልማድ ሳይጥሱ ማስታወሻ ማኖር ይቻላል።

አያቱ ልጁ በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሳበትን ነጭ ልብስ በተመለከተ ግን አልተውኝም። «ይህማ ለሚቀጥለው ልጅ ይሆናል» አሉ። «ይልበሰው እማማ! የእሱንም ስም ወረቀቱ ላይ እጨምራለሁ» አልኳቸው። ሁለት ልጅ የለበሰው ልብስ አንድ ልጅ ከለበሰው ይበልጥብኛል። ከማስቀመጣችን በፊት አጠብነው፤ የወተት ነጠብጣብ ሳይታጠብ ከተቀመጠ ቢጫ ይሆናል፣ ነፍሳትም ይጠራል። በፌስታል አልቋጠርነውም፤ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ጠቀለልነው። ሳጥኑም ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ስር የበጋው ሙቀት፣ ወለሉ ላይ የክረምቱ ርጥበት አለ።

«ፀጉር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ የተረበኝ ሰው ነበር። ለእሱ የመለስኩለት በቀልድ አልነበረም። የልዑል ዓለማየሁን ነገር ነገርኩት።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ዓለማየሁ 7 ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ በዚያው ሞቱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ በእንግሊዙ መኮንን በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት እንግሊዝ አገር ገባ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞተና ዊንዘር ተቀበረ። ዛሬም እዚያው ነው። በ2011 ዓ.ም. የአባቱ ፀጉር ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የልጁ ፀጉር፣ ከስፒዲ ቤተሰብ ዘር እጅ ወጥቶ፣ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። አባትና ልጅ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በፀጉራቸው ተመለሱ። ያቺ አንድ ቁንጥር ፀጉር የማን እንደሆነች ባይታወቅ ኖሮ ቤት የምትጠርግ ሴት በመጥረጊያ ባወጣቻት ነበር። ስሙ ከፀጉሩ ጋር ስለቆየ ነው አምባሳደር ቆሞ የተቀበላት።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዓለማየሁ ባዶ እጅ ነው። ከእናቱ ድምፅ ምንም ይዞ ሊሄድ አልቻለም፤ ዘመኑ አልፈቀደለትም። የእኔ ልጅ ይችላል። ስለዚህ የአያቱን ድምፅ በስልክ ቀድቻለሁ፤ ሲመርቁት፣ ዘር ሲቆጥሩለት፣ ሽሮ ሲያማስሉ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ። ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ ስልክ ሌላ እህቴም ዘንድ አለ። «ይሄን ሁሉ ለማን?» ሲሉኝ «ሲናፍቅዎት ለሚኖረው» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲያውስ ጥርት አድርገህ ቅዳኝ» አሉ።

ዕቃ ሻጭም አልቀረልኝም። አንዱ ጠጋ ብሎ «ለልጅህ የምትሆን የብራና ዳዊት አለችኝ፤ የጥንት ናት» አለኝ።

«ከየት መጣች?»

«ከገጠር።»

«ገጠር የሰው ስም አይደለም፤ የባለቤቷን ስም ንገረኝ።»

መልስ አልነበረውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው ያለበትን ግዴታ ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ለእኔ ግን ከአዋጁ በፊት የሚያስቆመኝ ሌላ ነገር አለ። ከመቅደላ ለተዘረፈው ንብረት ያለቀሰ አባት የአንድ ደብር መጸለያ ገዝቶ ለልጁ «ማስታወሻህ ነው» ሊለው አይችልም። ማስታወሻነቱ የዚያ ደብር ነው።

የባለቤቴ እህት ዋሽንግተን ትኖራለች፤ እሷም ወንድ ልጅ አላት። «እናንተስ ታድላችኋል፤ እዚህ ምን ቅርስ አለ? የልጄ ነገር ሁሉ ከሱቅ ነው የመጣው» አለችኝ።

«አንቺስ ከሱቅ ነው የመጣሽው?» አልኳት።

በስልኩ ማዶ ዝም አለች። ከዚያ የዲቪ ደብዳቤዋ እስካሁን እንዳለ፣ ስትሄድ እናቷ በሻንጣዋ የሸጎጡላት የበርበሬ ከረጢትም ባዶውን እንዳልተጣለ ነገረችኝ። ይኸውልሽ አልኳት። ልጅሽ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ሲማር ስሙን በአማርኛ የጻፈባትን የመጀመሪያ ገጽ ጨምሪበት፤ ከጎኗ ያስተማረውን ሰው ስም ጻፊ። ሌላም ተስማማን፤ ሁለቱ ልጆች በየዓመቱ ፖስት ካርድ ይጻጻፋሉ። እዚህ ፖስታ ቤት የሚደርሰን በፖስታ ሳጥን ቁጥር ስለሆነ መልእክቱን ለመቀበል ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ቴምብሩ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ከተማውንና ቀኑን ይናገራል፤ የማስታወሻ ወረቀቱን የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ጻፈልን ማለት ነው። አንድ ቀን እዚያው ዋናው ፖስታ ቤት ግቢ ያለውን ሙዚየም አሳየዋለሁ። አፄ ምኒልክ ፓሪስ ያሳተሟቸው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ነገር ልጅ ይማርካል፤ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት፣ ሦስቱ አንበሳ ያለባቸው ናቸው። ልጄ አንበሳውን ከሳንቲሙ አንበሳ ጋር ማወዳደሩ አይቀርም።

ታናሽ ወንድሜ ግን ዋናውን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሁሉንም አንተ መርጠህለታል። የእሱስ ምርጫ የታለ?»

አለ። ከዘንድሮ ጀምሮ አንዷ ዕቃ የልጁ፣ አንዷ የእኔ ናት። እሱ የመረጠው ቆርኪ ነው። አዎ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ፣ በድንጋይ ተደብድቦ የተዘረጋ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጫውቶ ያሸነፈው ነው። «ለምን መረጥከው?» ብዬ የነገረኝን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ አላረምኩትም፣ አላሳመርኩትም። ያሸነፈውን ልጅ ስም ሁለት ጊዜ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ጻፍኩ። አባት የሚያስቀምጠው ልጁ እንዴት እንደተወደደ ይናገራል። ልጁ የሚያስቀምጠው ግን እሱ ራሱ ምን እንደወደደ ነው፤ ይህን ከእሱ በቀር ማንም አያውቅለትም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ እሱም ይረሳዋል።

«አድጎ ሁሉንም ቢጥለውስ?» አለ ወንድሜ፤ አልለቀቀኝም።

«ይጣላ! የእሱ ነው። የሚጥለውን ግን አንብቦ ይጥለዋል።»

«እሺ፣ መቼ ነው የምታስረክበው? አሥራ ስምንት ሲሞላው? ሲያገባ?»

«ቁልፍ አልሠራሁለትም» አልኩት። «እጁን ከታጠበ ዛሬም ይከፍተዋል።»